ከረባት፣ ቦርሳና የማይታይ ባቡር

ሆንግ ኮንግ፣ እ.ኤ.አ. 1962። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በአንድ ሕንጻ ጎን ለጎን ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ትዳር አላቸው። ሰውየው የሴትዮዋን የእጅ ቦርሳ ከየት እንዳገኘችው ይጠይቃታል፤ ለሚስቱ እንደዚያው ያለ ሊገዛላት እንደሚፈልግ ይነግራታል። ባሏ ከውጭ አገር እንዳመጣላትና እዚህ እንደማይሸጥ ትመልስለታለች። እሷ ደግሞ በተራዋ ስለ ከረባቱ ትጠይቀዋለች። የገዛችለት ሚስቱ ናት። ትንሽ ዝም ይባባላሉ። ከዚያ ባሏ ልክ እንደዚህ ያለ ከረባት እንዳለው ትነግረዋለች። እሱም ሚስቱ ልክ እንደዚህ ያለ ቦርሳ እንዳላት ይነግራታል።

«ባልሽና ሚስቴ በድብቅ ይገናኛሉ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ጩኸት የለም፣ እንባም የለም። የተነሣው ወሬ የቦርሳና የከረባት ነው። ይሁንና ሁለት ትዳር እዚያች ጠረጴዛ ላይ ሲፈርስ ተመልካቹ በዓይኑ አይቷል። ትዕይንቱ የሚገኘው ዳይሬክተር ዎንግ ካር ዋይ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዕይታ ባበቃው «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ፊልም ውስጥ ነው። ሕመሙ የሚሰማው ተመልካቹ ነገሩን ራሱ ገጣጥሞ ስለደረሰበት ነው። የነገሩትን ነገር ሰው ሊጠራጠረው ይችላል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን አይጠራጠርም።

ሰው ፊልም አይቶ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው ተዋናዩን ነው። ተዋናዩ ምስጋናው ይገባዋል። ግን እንባውን ያመጣው የተዋናዩ ፊት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የስክሪፕት ጸሐፊው፣ ቤቱንና ዕቃውን ያሰናዳው ፕሮዳክሽን ዲዛይነር፣ ማጀቢያውን የደረሰው ሙዚቀኛ የለፉበት ሥራ አለ። ምልልስ፣ መቼትና ሙዚቃ እንዴት ስሜት እንደሚፈጥሩ በጥሩ ፊልሞች ላይ ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ጎልቶ ይወጣል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ስሜቱ ይሳሳል። አንዱ የተወውን ሌላው ሲያነሣው፣ አንዱ የደበቀውን ሌላው ሲያወጣው ግን ተመልካቹ ከወንበሩ አይነቃነቅም።

ከምልልስ ሳንወጣ እዚያው ፊልም ላይ ጥቂት እንቆይ። ከምግብ ቤቱ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ እንግዳ ነገር ይጀምራሉ፤ ባሏና ሚስቱ እንዴት እንደተቀራረቡ ለማወቅ እነሱን መስለው ይጫወታሉ። በአንዱ ትዕይንት ሴትዮዋ ቁጭ ብላ፣ ጀርባውን ለካሜራው የሰጠን ወንድ «ሌላ ሴት አለችህ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ተመልካቹ በመጨረሻ ባሏን ፊት ለፊት የጠየቀችው ይመስለዋል። ካሜራው ሲዞር ግን ሰውየው ጎረቤቷ ሆኖ ይገኛል፤ እየተለማመዱ ነው። እንደገና ትሞክራለች። «አዎ» የሚለውን መልስ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ልምምድ መሆኑን ታውቃለች፤ መልሱንም አስቀድማ ታውቀዋለች። እንዲህም ሆኖ ቃሉ ጎዳት።

ይህ የምልልስ ጥበብ ጫፍ ነው ማለት ይቻላል። ገፀ ባሕርያቱ የሚናገሩት የራሳቸውን ሳይሆን የሌላ ሰው ቃል ነው፤ በሌላ ሰው ቃል ተጠልለው ግን የራሳቸው ስሜት ያመልጣቸዋል። ወደ ፊልሙ መገባደጃ መለያየትን ሳይቀር አስቀድመው ይለማመዳሉ፤ እሷ ትከሻው ላይ ስታነባ እሱ ልምምድ ብቻ እንደሆነ እየነገረ ያባብላታል። የከዳቸውን ባልና የከዳቻቸውን ሚስት ፊት ተመልካቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ አያይም። ድምፃቸው ይሰማል፣ ጀርባቸው ይታያል፤ ፊታቸው ግን የለም።

የሚገርመው ዎንግ ካር ዋይ ቀረጻ ሲጀምር የተጠናቀቀ ስክሪፕት አልነበረውም፤ እየቀረጸ ይጽፍ ነበር። ታሪኩን አንድ አድርጎ የያዘው ከወረቀቱ ይልቅ ቦታው ነው። የመቼቱ ንድፍ፣ አልባሳቱና ኤዲቲንጉ በአንድ ሰው፣ በዊሊያም ቻንግ እጅ ነበር። ቻንግ የመረጠው ጠባብ ኮሪደር፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ የሚነካካበት ደረጃ፣ አበባ የታተመበት የግድግዳ ወረቀትና መጋረጃ ነው። ካሜራው ብዙ ጊዜ ሰዎቹን የሚያየው በበር ክፍተት፣ በመስኮት ፍርግርግ ወይም በመስታወት ነው፤ ልክ ወሬ እንደሚፈልግ ጎረቤት። ጎረቤቶቹ ደግሞ በእርግጥም አሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ማህጆንግ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሲጫወቱ ያድራሉ፤ ሴትዮዋም በዚህ የተነሣ ከሰውየው ክፍል መውጣት አቅቷት እዚያው ታድራለች። በመካከላቸው ምንም ነገር የለም። ግን የቤቱ አሠራር ብቻውን ጥፋተኛ ያስመስላቸዋል። ሰው በዓይን ተከብቦ መኖር ምን እንደሆነ በንግግር ማስረዳት ቢያስፈልግ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ ኮሪደሩ ግን በሁለት ሴኮንድ ያስረዳዋል።

የ1962ቷ ሆንግ ኮንግ በቀረጻው ጊዜ ፈርሳ በሌላ ከተማ ተተክታ ነበርና ብዙዎቹ የጎዳና ትዕይንቶች የተቀረጹት ታይላንድ፣ ባንኮክ ውስጥ ነው። ተዋናይት ማጊ ቼንግ በፊልሙ ከ20 በላይ የቻይና ባህላዊ ቀሚስ ትቀያይራለች። አንገቱ ቆሞ የሚያያዝ፣ ወገቡን የሚያጣብቅ ልብስ ነው። ቀኑ መለወጡን ተመልካቹ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በቀሚሷ ነው፤ ሕይወቷ ግን አይለወጥም። ኑድል ልትገዛ ዕቃዋን አንጠልጥላ በዚያው ደረጃ ትወርዳለች፣ በዚያው ትመለሳለች።

መቼት ስሜት ብቻ ሳይሆን የታሪክ ዋና ሞተር ሲሆን ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የደቡብ ኮሪያውን «ፓራሳይት» ይመልከት። የቦንግ ጁን ሆ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባውን ወሰደ፤ በየካቲት 2020 ደግሞ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ አራት ኦስካር ተሸለመ። በታሪኩ ውስጥ የሀብታሞቹ የፓርክ ቤተሰቦች ቤት አንድ ዝነኛ አርክቴክት ለራሱ የሠራው ነው ይባላል። ብዙ ተመልካች እውነተኛ ቤት መስሎት ነበር። እውነቱ ግን አርክቴክቱም ቤቱም ፈጠራ መሆናቸው ነው፤ ቤቱን የነደፈው ፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ ሊ ሃ ጁን ሲሆን ለቀረጻው ተብሎ ተገንብቷል።

ሊ ሃ ጁን ሥራውን የጀመረው ከሚያምር ቤት ሳይሆን ከሰዎቹ አቋቋም ነበር። ዳይሬክተሩ ስክሪፕቱን ሲጽፍ ማን የት ቆሞ የማንን ንግግር እንደሚያዳምጥ፣ ማን ከየትኛው ጥግ ማንን እንደማያይ አስቀድሞ ወስኖ ነበርና ቤቱ ለዚያ እንዲመች ሆኖ መሠራት ነበረበት። ከስፋቱና ከመስታወቱ ውበት ሥር ሰው የሚደበቅበትና ሰው የሚሰማበት ቤት ነው። የፀሐይ ብርሃንም ታስቦበታል፤ ሳሎኑ በአንድ ትልቅ መስታወት ወደ ግቢው ሣር ተከፍቶ ብርሃን ይሞላዋል። ድሆቹ የኪም ቤተሰቦች የሚኖሩት ግን ከፊሉ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ነው። የእነሱ መስኮት የሚያሳየው የጎዳናውን አስፋልትና የሰካራም እግር ነው። ሽንት ቤታቸው ደግሞ ከወለሉ ከፍ ብሎ በጣሪያው ሥር ተቀምጧል፤ ቤቱ ከፍሳሽ መስመሩ በታች ነውና። አንድም ገፀ ባሕርይ ስለዚህ ሽንት ቤት አያማርርም። ማማረሩ አያስፈልግም፤ ማየቱ ይበቃል።

ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። አባት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ከሀብታሞቹ ቤት አምልጠው በዶፍ ዝናብ ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ። የሚሮጡት ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። ደረጃ፣ ዋሻ፣ እንደገና ደረጃ፣ እንደገና ቁልቁለት። ውኃውም አብሯቸው ይወርዳል። ሰፈራቸው ሲደርሱ መንገዱ ሐይቅ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህን ጎርፍ ለመቅረጽ የሰፈሩ ጎዳና ከነቤቶቹ ውኃ መያዣ ገንዳ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ስለ መደብ ልዩነት የሚሰብክ አንድም ንግግር ሳይኖር ተመልካቹ በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን ርቀት በጉልበቱ ሳይቀር ይቆጥረዋል።

በማግስቱ የሚመጣው ምልልስ የሚያቆስለው መቼቱ ይህን ሁሉ ስለሠራ ነው። የሀብታሙ ሚስት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በስልክ ታወራለች። የትናንቱ ዝናብ አየሩን አጥቦ ሰማዩን ጥርት እንዳደረገው፣ እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ በደስታ ትናገራለች። መኪናውን የሚነዳው ቤቱ በጎርፍ የተጥለቀለቀበት አባት ነው። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ቃላቷም ክፉ አይደሉም። ተመልካቹ ግን የሰውየውን ፊት እያየ አንጀቱ ያራል። እንደ ስሜት ማነሣሻ የዚህን ያህል የሠራ የስድብ ቃል በሲኒማ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህ ደግሞ ስድብ እንኳ አይደለም።

ሙዚቃ ከሁለቱ የተለየ ጠባይ አለው። ንግግርን ሰው በጆሮው ሰምቶ ያመዛዝነዋል፤ ዕቃን አይቶ ይገምተዋል። ሙዚቃ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይገባል፤ ብዙ ተመልካች ከአዳራሽ ሲወጣ ሙዚቃ መኖሩን እንኳ አያስታውስም። ለዚህ ነው ዳይሬክተሮች እጅግ የሚፈልጉትና እጅግ ሊፈሩት የሚገባው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» የታወቀው ምሳሌ ነው። ለፊልሙ የተሠራው ሜካኒካዊ ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ ጨዋማው ውኃ እያበላሸው አልሠራ አለ። ሻርኩ ከሌለ ምን ይታያል? የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ በሁለት ጎረቤታም ኖታዎች መልስ ሰጠ። ከወፍራም አውታር መሣሪያዎች የሚወጣ፣ በዝግታ ጀምሮ እየተጣደፈ የሚመጣ ምት ነው። ስፒልበርግ መጀመሪያ በፒያኖ ሲሰማው ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር። ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ተመልካቹ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ሻርክ ሲፈራ ይቆያል።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። ሁለት ልጆች የሻርክ ክንፍ የሚመስል ነገር አንሳፍፈው ዋናተኞችን ሲያስደነግጡ ሙዚቃው አይሰማም። ሙዚቃው አይዋሽም ማለት ነው፤ ምቱ ካለ ሻርኩ አለ፣ ምቱ ከሌለ ሻርኩ የለም። ተመልካቹ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረው ይማራል። በኋላ ላይ ግን የፖሊስ አዛዡ ከጀልባው ጫፍ ማጥመጃ ሥጋ እየወረወረ ሳለ ሻርኩ ያለ አንዳች ሙዚቃ ብቅ ይላል። ያኔ አዳራሹ በሙሉ ይዘላል፤ ተመልካቹ የተማመነበት ጠባቂ ሳያስጠነቅቀው ቀርቷልና።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲሠራ የገላ መታጠቢያው ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲቀር ይፈልግ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ሄርማን ሳይሰማው ለቦታው ሙዚቃ ጻፈለት፤ ሂችኮክም ሲሰማ ሐሳቡን ለወጠ። ሄርማን ለሙሉ ፊልሙ የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ሰው ዛሬም ያንን የሚጮህ የቫዮሊን ድምፅ ሲሰማ ፊልሙን ሳያይ እንኳ ቢላ ይታየዋል።

ሙዚቃን መተውም የሙዚቃ ሥራ ነው። የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላን «ጎድፋዘር» (1972) ያየ ሰው የኒኖ ሮታን ዜማ ማፏጨት ይችላል። በፊልሙ ልብ አንጠልጣይ በሆነው ትዕይንት ግን ያ ዜማ የለም። ማይክል ኮርሊዮኔ የአባቱን ጠላትና ጉቦኛውን ፖሊስ ሊገድል ብሮንክስ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ተቀምጧል። ከዚያ ቀን በፊት የቤተሰቡ የወንጀል ሥራ ውስጥ እጁን ያላስገባ፣ ከጦርነት በጀግንነት የተመለሰ ወጣት ነው። ጠላትየው በጣሊያንኛ ያናግረዋል፤ ከሥር የትርጉም ጽሑፍ የለም። ተመልካቹ ጣሊያንኛ ካልቻለ የሚባለውን አይሰማም፤ ኮፖላ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ቃሉ ሲጠፋበት ተመልካቹ ያለው አማራጭ የማይክልን ፊት ማንበብ ብቻ ይሆናል።

ማይክል ሽንት ቤት ገብቶ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ የተደበቀለትን ሽጉጥ ያወጣል። ባቡር ሲያልፍ ይሰማል። እንደወጣ ወዲያው እንዲተኩስ ተነግሮታል፤ እሱ ግን ተመልሶ ይቀመጣል። ሰውየው በጣሊያንኛ ማውራቱን ይቀጥላል። የማይክል ዓይን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አሁን የሚሰማው ሰው የለም። ባቡሩ እንደገና ይመጣል፤ ድምፁ እየጎላ፣ ሐዲዱ እየጮኸ፣ ንግግሩን ሁሉ እስኪውጠው ድረስ ይቀርባል። ከዚያ ጥይቱ ይተኮሳል። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ያስገባው ይህ ባቡር በፊልሙ አንድም ጊዜ አይታይም። ሰፈሩ የባቡር ሐዲድ ያለበት ስለሆነ ድምፁ ለማንም እንግዳ አይሆንም፤ ግን ያ ጩኸት ያለው ጎዳናው ላይ ሳይሆን የማይክል ራስ ውስጥ ነው። የሮታ ሙዚቃ የሚገባው ሽጉጡ ወለሉ ላይ ከወደቀና ማይክል በሩን አልፎ ከሄደ በኋላ ነው። ዜማው ሲመጣ «አሁን ፍራ» አይልም። የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ ሙዚቃው የሚያለቅሰው ከዚያች በር ላይመለስ ለወጣው ወጣት ነው።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጮክ ብለው የሚናገሩበት ቦታ ፈጽሞ አይኖርም ማለት አይደለም። «ካዛብላንካ» የተሰኘው የ1942 ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። በሪክ ካፌ ውስጥ የናዚ መኮንኖች ፒያኖ ከበው የጀርመን መዝሙር ይዘምራሉ። ከናዚ እስር ያመለጠው ቪክቶር ላስሎ ወደ ባንዱ ሄዶ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር እንዲጫወቱ ያዛል። ሙዚቀኞቹ ወደ ካፌው ባለቤት ወደ ሪክ ዞር ይላሉ። ሪክ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ብቻ። በማንም ጉዳይ ጣልቃ አልገባም ሲል የኖረ ሰው ጎራ የለየው በዚያች ንቅናቄ ነው። ካፌው በሙሉ ተነሥቶ ይዘምራል፣ የጀርመኖቹ ድምፅ ይዋጣል፣ በዚያ ምሽት ከጀርመን መኮንን ጋር የመጣችው ኢቮን ፊቷ በእንባ ታጥቦ ትዘምራለች።

በታሪኩ ሞሮኮ ውስጥ ያለው ያ ካፌ በእውኑ እዚያ አልነበረም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ የተሠራ ነው። ሰዎቹ ግን እውነተኞች ነበሩ። ኢቮንን የተጫወተችው ማድሌን ለቦ በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ሸሽታ የወጣች ስደተኛ ነበረች። የናዚውን አዛዥ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ከናዚ ጀርመን የሸሸ ሰው ነበር። በካፌው ውስጥ ከታዩት ብዙዎቹ አውሮፓን ጥለው የመጡ ናቸው፤ ትዕይንቱ ሲቀረጽ አገራቸው ገና በጠላት እጅ ነበረች። እንባው የመጣው ከዚያ ነው፤ አጋጣሚውን አውቆ ቦታ የሰጠው ግን ስክሪፕቱ፣ የተጨናነቀው ካፌና መዝሙሩ ናቸው።

የዚሁ ፊልም የፍቅር ዘፈን ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። የማጀቢያው ደራሲ ማክስ ስታይነር «አዝ ታይም ጎዝ ባይ»ን አልወደደውም፤ በራሱ ዜማ ሊተካው ፈለገ። ዘፈኑ የሚነሣባቸውን ትዕይንቶች ግን እንደገና መቅረጽ አልተቻለም፤ የሪክን የቀድሞ ፍቅረኛ ኢልሳን የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን ለሚቀጥለው ፊልሟ ጸጉሯን ተቆርጣ ነበር። ስታይነር ተስፋ ቆርጦ አልተወውም፤ ያልወደደውን ዜማ ወስዶ በፊልሙ ሁሉ ውስጥ አዋሐደው። ሪክ ፓሪስን ሲያስብ፣ ኢልሳ ስትመጣ፣ ሲለያዩ፣ ያ ዜማ በተለያየ መልክ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም የቀደመውን ትዕይንት ትዝታ ይዞ ይመጣል።

ዎንግ ካር ዋይም ያደረገው ይህንኑ ነው። «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ»ን የሚያጅበው የሺገሩ ኡመባያሺ ዋልዝ መጀመሪያ የተደረሰው «ዩመጂ» ለተባለ የ1991 የጃፓን ፊልም ነው። ዎንግ ከዚያ ወስዶ በቀስታ በሚሄዱት በእነዚያ የደረጃና የኮሪደር ትዕይንቶች ላይ ደጋግሞ ያስገባዋል። ጎረቤታሞቹ በደረጃው ላይ ሲተላለፉ አይነጋገሩም፤ ዋልዙ ግን ለጥንድ የተሠራ የዳንስ ምት ነው። ሊደንሱ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ኑድል ገዝተው ይለያያሉ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጉዳይ የምትገባው በሰፊው በር ነው። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በ2005 በካን የግራንድ ፕሪ ሽልማት ሲያገኝ የፊልሙ ድምፅ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ነበር። ቢል መሪ የሚጫወተው ብቸኛ ሰው የቀድሞ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ጉዞ ሲነሣ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ለመንገዱ የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል። ሰውየው ስሜቱን የማያወጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ፊቱ የማይነበብ ነው። መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሙላቱ ቫይብራፎንና ሳክስፎን ግን አንዳች ፍለጋ ውስጡ መኖሩን ይናገርለታል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉ መነኩሲትና የፒያኖ ደራሲ ናቸው። «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» በሚል የእንግሊዝኛ ርዕስ የሚታወቀው ሥራቸው በ2021 በወጣው የሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል። ፊልሙ በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ የሁለት ጥቁር ሴቶችን ታሪክ ይተርካል፤ ከሁለቱ አንዷ፣ ክሌር፣ ቆዳዋ ቀላ በማለቱ ነጭ ነኝ ብላ ነጭ አግብታ ትኖራለች። ክሌርን የተጫወተችው ሩት ኔጋ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ የትውልድ ቦታዋም አዲስ አበባ ነው። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ፣ በጠባብ አራት ማዕዘን ምስል ተቀርጿል፤ ከሁለቱ ቀለም ወጥታ የምትኖርበት ቦታ የሌላት ሴት ታሪክ ነውና ምርጫው ትክክል ነው። የእማሆይ ፒያኖ ደግሞ ቤቱን እየፈለገ የማይደርስ ዓይነት ነው፤ ሊያርፍ ሲል ይነሣል፣ ሊያልቅ ሲል ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። አይሪን፣ የክሌር ጓደኛ፣ ፍርሃቷን ለባሏ እንኳ አትናገርም። ፒያኖው ግን ያውቀዋል።

እነዚህ ሙዚቃዎች የተቀረጹት ለፊልም ተብለው አልነበረም። ዳይሬክተሮቹ ከሩቅ አገር ሆነው ሰምተው መረጧቸው። በብዙ የአማርኛ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ያለው ልማድ ግን ከዚህ ይለያል። ገፀ ባሕርይዋ ልቧ መሰበሩን በአፏ ትናገራለች፣ በዓይኗ ታነባለች፣ ከሥር ደግሞ ኪቦርዱ ያለቅሳል፤ ቤቱ ግን ማንም ያልኖረበት፣ ሶፋው ገና ከሱቅ የመጣ ይመስላል። ተዋንያኑ ችሎታ አይጎድላቸውም። የጎደለው ሥራን መከፋፈል ነው። ኪቦርዱ ቢቆም፣ ንግግሩ በግማሽ ቢያጥር፣ በቤቱ ውስጥ የአንድ ሰው ኑሮ የሚያሳይ አንድ ዕቃ ቢኖር፣ ለምሳሌ የሞተ ባል ኮት አሁንም በር ላይ ተሰቅሎ ቢታይ፣ ያችው ተዋናይት በዚያው ፊቷ ተመልካቹን ታስለቅሰዋለች። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜና ድፍረት ነው የሚጠይቀው።

እንደሚቻል ያሳየ የራሳችን ሥራ አለ። ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሲሠሩ ታሪኩን ለአማርኛ፣ ለጀርመንኛና ለእንግሊዝኛ አከፋፈሉት። ዋናው ገፀ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይቶ፣ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ወጣት ሳለ በጀርመን ከጓደኞቹ ጋር ስለ አብዮት ሲከራከር አንደበቱ አያርፍም ነበር። መንደር ሲመለስ ግን ቃል ያጥረዋል። እናቱ የጠበቁት ተምሮ የመጣ ልጅ ነው፤ የመጣላቸው ሌሊት በቅዠት የሚባንን ሰው ነው። የሆነውን ለእናቱ በየትኛው ቋንቋ ይንገራቸው? ለመዳኑ ጠበል ይወስዱታል፤ እሱ ዝም ባለ ቁጥር የሚናገረው ተራራው፣ ጎጆውና ልጆቻቸውን ከውትድርና አፈሳ የሚደብቁት የመንደሩ ሰዎች ፍርሃት ነው። ማጀቢያውን የሠሩት ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጄይ አየር ናቸው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ታላቅ ሽልማት የሆነው የየኔንጋ ፈረስ ተሰጠው።